መካኒኩ አብራሪ፤ የኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን የሕይወት ታሪክ



ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ስንቀመጥ ሁልጊዜ የሚነሳ ጥያቄ አለ። ሟቹ የማን ዘመድ ነው? አገሩ የት ነው? ወገን አለው ወይስ ባይተዋር ነው? እየተባለ ይጠየቃል። ዕድርን አባቶቻችን ያቋቋሙት ለዚሁ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ከየአገሩ መጥቶ ከተማ የገባ ሰው፣ የሥጋ ዘመድ አጠገቡ ባይኖር እንኳ ቀባሪ እንዳያጣ በማሰብ ነው።

ዘንድሮ በዚህች መጽሔታችን ላይ ታሪካቸውን ላቀርብላችሁ ያሰብኩት ሰው ከጎጃም ወይም ከወሎ የመጡ አይደሉም። ከባሕር ማዶ፣ ከአሜሪካ መጥተው፣ በክፉ ቀን ከአባቶቻችን ጎን ቆመው፣ በመጨረሻም አዲስ አበባ ላይ ሞተው የእኛኑ አፈር የለበሱ ሰው ናቸው። ስማቸው ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ይባላል። የዘመኑ የአሜሪካ ጋዜጦች የኢትዮጵያው ቡናማ ኮንዶር እያሉ ይጠሯቸው ነበር፤ ኮንዶር ማለት በአሜሪካ ተራሮች ላይ የሚኖር ትልቅ አሞራ ነው። ብዙዎቻችን ስማቸውን አናውቀውም ወይም እንደ ተረት ሰምተን አልፈነዋል። ስለዚህ የሰውየውን ነገር ከሥሩ ጀምሬ ላውጋችሁ። የአሜሪካውን ነገር ሳነሳ ዘመኑን እ.ኤ.አ. እያልኩ፣ የአገራችንን ደግሞ በራሳችን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

የትንሽ ከተማ ልጅ

ጆን ሮቢንሰን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1900ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ፍሎሪዳ በተባለው ክፍለ ሀገር ውስጥ ካራቤል በምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ነው። አባቱ የሞተው እሱ ገና ሕፃን ሳለ ነው። እናቱ ሴለስት ከዚያ ተነሥታ ሚሲሲፒ ውስጥ ወደምትገኘው ገልፍፖርት ሄደች፤ እዚያም ቻርልስ ኮብ የሚባል የባቡር ሠራተኛ አገባች። እንግዲህ ልጁ ያደገው እንጀራ አባቱ እጅ፣ የባቡር ሐዲድና የመርከብ ወደብ በሚገናኙበት ከተማ ነው።

በዚያ ዘመን ሚሲሲፒ ውስጥ ጥቁር ሆኖ መወለድ ቀላል ነገር አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ለብቻ፣ የባቡሩ ወንበር ለብቻ፣ የመጠጥ ውኃው ቧንቧ እንኳ ለብቻ ነበር። ለጥቁር ልጅ የተተወው ሥራ መሸከም፣ መጥረግና ማጠብ ነው። ጆን ግን በሰባት ዓመቱ ገደማ በከተማው ባሕር ዳር አውሮፕላን አይቶ ነበርና፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይኑ ከሰማይ አልወረደም ይባላል። ሰው ቢነግረውም ባይነግረውም፣ ያ ነገር ለእሱ ዓይነት ልጅ የተፈቀደ እንዳልነበረ አያጠራጥርም።

እናትና እንጀራ አባቱ እንደምንም ብለው አላባማ ወደሚገኘው ወደ ተስኪጊ ትምህርት ቤት ላኩት። ይህ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1881 ቡከር ዋሽንግተን በተባሉት ታላቅ ሰው መሪነት የተቋቋመ ሲሆን፣ ከቀለም ትምህርት ጋር የእጅ ሙያ ያስተምር ነበር። ተማሪዎቹ የሚማሩበትን ሕንፃ ጡብ ራሳቸው እየሠሩና እየተኮሱ የገነቡት ትምህርት ቤት ነው። እኛ አገር ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ሸክላ የሚያበጀውን ቡዳ እያልን ስንንቅ በነበርንበት ዘመን፣ እዚያ የባርነት ልጆች በእጃቸው ሠርተው ራሳቸውን ያስከብሩ ነበር። ጆንም የመኪና መካኒክነት ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አጋማሽ ላይ ወጣ። እዚህ ላይ ልጁ ባለሙያ ስለሆነ፣ ከእንግዲህ አንቱ እያልን እንቀጥል።

መጥረጊያ ይዞ መማር

ወጣቱ መካኒክ ሙያቸውን ይዘው ወደ ሰሜን፣ መጀመሪያ የመኪና ፋብሪካዎች ከተማ ወደሆነችው ዲትሮይት፣ ቀጥሎም ወደ ቺካጎ ሄዱ። በጋራዥ ሠርተው የራሳቸውንም ጋራዥ ከፈቱ። እጃቸው ላይ የወደቀ ሞተር ሳይነሣ አይቀርም ነበር። ታዲያ ልባቸው ከመኪናው በላይ ነበረ። ቺካጎ ውስጥ ከርቲስ ራይት የሚባል የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ስለነበር፣ ለመግባት ማመልከቻ አቀረቡ፤ በቀለማቸው ምክንያት ተከለከሉ። ደግመው አመለከቱ፤ እንደገና ተከለከሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን ዕድሌ ነው ብሎ ይተወው ነበር። እሳቸው ግን በተከለከሉበት ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ። መጥረጊያቸውን ይዘው ክፍሉ ጥግ ቆመው የመምህሩን ቃል እየሰሙ፣ ከሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ሳይጠፋ እየገለበጡ፣ ማታ ማታ ለጓደኞቻቸው ያስተምሩ ነበር ይባላል። ከነዚህ ጓደኞቻቸው ዋናው ኮርኔሊየስ ኮፊ የሚባል ሌላ መካኒክ ነበር። ሁለቱ በብርቱ ስለተሟገቱ፣ አሠሪያቸውም ትምህርት ቤቱን ፍርድ ቤት እገትራለሁ ስላለላቸው፣ በመጨረሻ በሩ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1931 ጆን ሮቢንሰንና ኮርኔሊየስ ኮፊ የአውሮፕላን መካኒክነት ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲመረቁ፣ በዚያ ትምህርት ቤት የመጀመሪያዎቹ ጥቁሮች ሆኑ። የበለጠ የሚገርመው ደግሞ፣ ያው የከለከላቸው ትምህርት ቤት ሌሎች ጥቁር ተማሪዎችን እንዲያስተምሩ እነሱኑ መጠየቁ ነው።

ይህ ብቻ አይበቃም። ጥቁሮቹ አብራሪዎች አውሮፕላን የሚያሳርፉበት ሜዳ የሚፈቅድላቸው ስላጡ ማኅበር አቋቋሙ። ገንዘብ እያዋጡ፣ በእጃቸው እየቆፈሩና እየደለደሉ፣ ከቺካጎ አጠገብ ሮቢንስ በምትባል የጥቁሮች ከተማ የራሳቸውን ሜዳ አበጁ። እ.ኤ.አ. በ1933 ማዕበል መጥቶ የአውሮፕላን ማቆያቸውን ጠራርጎ ወሰደው፤ እነሱም ሌላ ሜዳ ፈልገው እንደገና ጀመሩ። ከማኅበርተኞቹ አንዷ ጃኔት ሃርሞን የምትባል ነርስ ስትሆን፣ ከደመወዟ ቆጥባ አውሮፕላን ገዝታ ለማኅበሩ መማሪያ እንዲሆን አድርጋለች። መቼም መዋጮ ምን እንደሚሠራ ለዕድርተኛ አይነገርም።

ሮቢንሰን ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤታቸው ወደ ተስኪጊም ሄደው፣ የበረራ ትምህርት ክፈቱ ብለው ወተወቱ። በወቅቱ እሺ የሚላቸው አላገኙም። ሆኖም እ.ኤ.አ. ከ1939 ጀምሮ ትምህርቱ ተከፍቶ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተስኪጊ ዝነኞቹን ጥቁር የጦር አብራሪዎች አፈራ። ዛሬ የታሪክ ጸሐፊዎች ሮቢንሰንን የእነዚያ አብራሪዎች አባት ብለው የሚጠሯቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ኢትዮጵያ

አሁን ወደ እኛ አገር እንመለስ። አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ የገባው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ብዙ ሳይቆይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ የተባሉ የአገራችን ልጆች ለማብረር በቁ። ይሁንና ባለሙያው ጥቂት፣ አውሮፕላኑም በጣት የሚቆጠር ነበር። በ1927 ዓ.ም. በወልወል ግጭት የተነሣ ጣሊያን ጦሯን ማከማቸት ስትጀምር፣ ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ለሁሉም ግልጽ ሆነ።

በዚያን ጊዜ ዶክተር መላኩ በያን ዋሽንግተን ውስጥ በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርስቲ ሕክምና ያጠኑ ነበር። ጥቁር አሜሪካውያን ለኢትዮጵያ እንዲቆሙ ከልባቸው የደከሙ ሰው ናቸው። የሮቢንሰንን ስም ከአንድ የጥቁሮች ጋዜጠኞች ድርጅት መሪ፣ ከክሎድ ባርኔት ሰምተው ተገናኙ። ሮቢንሰንም ኢትዮጵያን ለመርዳት ፈቃደኛ መሆናቸውን አስቀድመው በቺካጎ ስብሰባ ላይ ተናግረው ነበር። የአሜሪካ ሕግ ዜጋው በባዕድ ጦር ውስጥ እንዳይሰለፍ ይከለክል ስለነበር፣ ብዙ ጫጫታ ሳይሰማ መርከብ ተሳፍረው በግንቦት ወር 1927 ዓ.ም. አገራችን ገቡ።

ሲደርሱ የጠበቃቸው አበባ ብቻ አልነበረም። ከሳቸው በፊት ኹበርት ጁልያን የሚባል ከትሪኒዳድ የተወለደ አብራሪ መጥቶ፣ በ1923 ዓ.ም. ለዘውድ በዓል ሲለማመድ የንጉሠ ነገሥቱን አዲስ አውሮፕላን ከስክሶ ነበር። ስለዚህ ከአሜሪካ የመጣ ጥቁር አብራሪ ሲባል ቤተ መንግሥቱ በጥርጣሬ ቢያይ አያስገርምም። ሮቢንሰን ግን ብዙ የማያወሩ፣ ካፖርታቸውን አውልቀው ሞተር ውስጥ የሚገቡ ሰው ስለነበሩ ጥርጣሬው ቶሎ ለቀቀ። ያው ጁልያን በድጋሚ መጥቶ ነበርና፣ በ1927 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ሁለቱ አዲስ አበባ ውስጥ ሆቴል ቤት ተጣልተው እስከ መደባደብ ደረሱ፤ ከዚህ በኋላ ጁልያን ከአየር ኃይሉ ራቀ፤ አዛዥነቱም ለሮቢንሰን ተሰጠ።

አየር ኃይል ሲባል ዛሬ የምናውቀው ዓይነት እንዳይመስላችሁ። የነበሩት አውሮፕላኖች አሮጌና ልዩ ልዩ ዓይነት፣ ግማሾቹም የማይነሡ ነበሩ። የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው አይሆንም። ጣሊያን በመቶ የሚቆጠሩ የጦር አውሮፕላኖች ስታሰልፍ፣ የእኛዎቹ ለውጊያ የማይመቹ መልእክትና ሰው ማመላለሻዎች ነበሩ። ታዲያ እንዲህ ያለ አየር ኃይል ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ጥሩ መካኒክ አይደለም? የተስኪጊው ተማሪ ሙያ ዋጋውን ያገኘው እዚህ ላይ ነው። ቀን እየበረሩ፣ ማታ እየጠገኑ፣ በመሐሉ ወጣቶቻችንን እያስተማሩ ሥራቸውን ያዙ።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ዓድዋን ሲደበድቡ ሮቢንሰን መልእክት ይዘው ሄደው እዚያው ከተማ ውስጥ ነበሩ። ከአርባ ዓመት በፊት ጣሊያን የተዋረደባት ዓድዋ፣ ቂም መወጫ ሆና ሴትና ሕፃን ሲያልቅባት በዓይናቸው አይተዋል። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴና ወደ ሰሜን ጦር ግንባር መድኃኒት፣ ደብዳቤና ሹማምንት ሲያመላልሱ ቆዩ። የጠላት አውሮፕላን ሲመጣባቸው መድፍም መትረየስም አይመልሱለትም፤ ደመና ውስጥ መሰወር፣ በሸለቆ ውስጥ ዝቅ ብሎ ማምለጥ ነበር መከላከያቸው። ያን ሁሉ ተራራና ገደል በዚያ ዓይነት አውሮፕላን ማቋረጥ ብቻውን ምኑ ቅጡ! በዚሁ ሥራ ላይ ቆስለዋል፤ ሠራዊታችንን የፈጀው የመርዝ ጋዝም ነክቷቸዋል።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የሆነው ሆነ። ሮቢንሰን አዲስ አበባ በጠላት እጅ ከመውደቋ በፊት ወጥተው፣ በግንቦት ወር አሜሪካ ገቡ። ኒው ዮርክና ቺካጎ ላይ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወጥቶ ተቀበላቸው። በገዛ አገሩ ባቡር ላይ ወንበሩን የሚከለከል ሕዝብ፣ የአንድ ነፃ የጥቁር መንግሥት የአየር ኃይል አዛዥ የነበረ የገዛ ልጁን ሲያይ ምን ያህል ደስ እንዳለው መገመት አያዳግትም።

ለሁለተኛ ጊዜ

ሰውየው እዚያው ዝናቸውን እየበሉ መኖር ይችሉ ነበር። ቺካጎ ላይ የበረራና የመካኒክነት ትምህርት ቤት ከፍተው፣ ኋላም በዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን መካኒኮችን ሲያስተምሩ ቆዩ። አገራችን በ1933 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ ግን ከዜሮ የሚጀምር አየር ኃይል ስለነበራት፣ ሮቢንሰን በ1936 ዓ.ም. ገደማ ጥቂት አሜሪካውያን ባለሙያዎችን አስከትለው ተመልሰው መጡ። ጦርነቱ ገና ባላለቀበት ዓለም ያን ሁሉ ባሕር አቋርጠው ማለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥም ለኢትዮጵያውያን ወጣቶች በረራና ጥገና ማስተማር ጀመሩ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ደግሞ ሳልደብቅ ላንሣው፤ የሞተ ሰው ስናወሳ ጥሩ ጥሩውን ብቻ የመናገር ልማድ አለንና። ብዙም ሳይቆይ መንግሥት የስዊድን መኮንኖችን አስመጥቶ የአየር ኃይሉን ሥልጠና ቢሾፍቱ ላይ ለእነሱ ሰጠ። የነሱ መሪ ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነበሩ፤ እሳቸውም በጣሊያን ጦርነት ጊዜ የቀይ መስቀል አውሮፕላን እያበረሩ ቁስለኛ ያመላለሱ ባለውለታችን ናቸው። ሁለቱ ሰዎች አልተስማሙም። በ1939 ዓ.ም. መጨረሻ ጠቡ ወደ ቡጢ ደርሶ ሮቢንሰን ተከሰሱ፤ በዚህም ምክንያት ከአየር ኃይሉ ሥራ ወጡ። በመጀመሪያ ያቆሙትን ቤት ሌላው ሲገባበት ማየት ይከብዳል፤ ያም ቢሆን እጅ ማንሣታቸው ጥፋት ነበረ። ሐቁ ይኸው ነው።

ታዲያ ሰው የሚለካው ከዚህ በኋላ በሚያደርገው ነው። ሮቢንሰን ተቀየምኩ ብለው ዕቃቸውን ሸክፈው ወደ አገራቸው አልሄዱም። ማዕረግና ሹመት ሳይኖራቸው፣ የግል ሥራቸውን እየሠሩ፣ ሲያስፈልግም እየበረሩ አዲስ አበባ ላይ ኖሩ። በዚህ መካከል በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካኖች ጋር ተባብሮ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ አድርጎ ካይሮ በመብረር ሥራውን ጀምሮ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተአምር ይመስል የነበረው አውሮፕላን፣ የአገራችን ልጆች የሚያበሩትና የሚጠግኑት ወደ መሆን ሲሄድ ለማየት በቁ።

የመጨረሻው በረራ

በመጋቢት ወር 1946 ዓ.ም. ነው። አንድ የተጎዳ ወጣት ደም በአስቸኳይ ያስፈልገው ስለነበር፣ ኮሎኔል ሮቢንሰን ደሙን ለማድረስ በትንሽ አውሮፕላን ተነሡ። አብሯቸው አንድ መሐንዲስ ነበረ፤ መሐንዲሱ ጣሊያናዊ ነው። ልብ በሉ፤ ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ከደመና ደመና እየተሹለኮለኩ ከጣሊያን አውሮፕላን ያመለጡ ሰው፣ የኢትዮጵያዊን ነፍስ ለማዳን ከጣሊያናዊ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው የተነሡት። አውሮፕላኗ አዲስ አበባ ላይ ወደቀች። ጣሊያናዊው ሞተ፤ ኮሎኔሉ በጽኑ ተቃጠሉ። ሁለት ሳምንት ያህል ከሞት ጋር ታግለው በዚያው ወር አረፉ። ዕድሜያቸው ሃምሳ ዓመት ገደማ ነበረ። የተቀበሩትም እዚሁ አዲስ አበባ ነው።

ስለዚያ የሁለት ሰዎች ጠብ አንድ ነገር ልጨምር። ፎን ሮዘንም ወደ አገራቸው ሄደው ከብዙ ዓመት በኋላ ለረሃብተኛ እህል በአውሮፕላን ሊያከፋፍሉ ተመልሰው መጥተው፣ በሐምሌ ወር 1969 ዓ.ም. ኦጋዴን ውስጥ ጎዴ ላይ በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ተገደሉ። በቡጢ የተፈላለጉት ሁለቱም ሰዎች ሕይወታቸውን የሰጡት ለዚህችው አገር ሰው ነው። ዛሬ ማናችን ነን አንዱን የኛ፣ ሌላውን ባዕድ የምንል?

እንግዲህ፣ የተከበራችሁ አባላት፣ መጀመሪያ ወዳነሣሁት ጥያቄ ልመለስ። ሟቹ የማን ዘመድ ነው? ብለን ብንጠይቅ፣ የጆን ሮቢንሰን እናት ገልፍፖርት ነበረች፣ ጓደኞቻቸው ቺካጎ ነበሩ። እዚህ ግን አልጋው አጠገብ የሚንቆራጠጥላቸውን ሰው ያፈሩት በሥራቸው ነው። ዕድርም ቢሆን ሰውን የሚያውቀው በዘሩ ሳይሆን፣ ለቅሶ ቤት ደርሷል ወይ? መዋጮውን ከፍሏል ወይ? ሲጠሩት ተነሥቷል ወይ? ብሎ ነው። በዚህ መለኪያ ከሄድን እኚህ ሰው መዋጯቸውን እስከ ደማቸው ከፍለዋል፤ ሲጠሩም ሁለት ጊዜ ባሕር ተሻግረው መጥተዋል። የቀረባቸው ነገር ቢኖር አስታዋሽ ብቻ ነው።

ስለዚህ በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን የድል በዓል ሲደርስ፣ አራት ኪሎ ሐውልቱ ሥር አርበኞቻችንን ስናስብ እኚህንም አብረን እናስብ። ሰፈራችን ጋራዥ ውስጥ እጁ በግራሶ ተለውሶ የሚውል፣ ሰው የሚንቀው ልጅ ካለም፣ እንዲህ ያለ መካኒክ ነበረ ብላችሁ ታሪኩን አጫውቱት።

የኮሎኔል ጆን ሮቢንሰንን ነፍስ ይማር። ለእኛም ቀባሪ አያሳጣን፤ አስታዋሽም አያሳጣን።